ስንቅ ይዞ ወደ ውድ ከተማ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ለንደን፣ ወደ ጄኔቫ ወይም ወደ ኦስሎ የሚሄድ ሰው ከሻንጣው ሌላ ጭንቅላቱ ውስጥ ማባዣ ይዞ ይሄዳል። የቡና ዋጋ አይቶ ያባዛል፤ የአውቶቡስ ትኬት አይቶ ያባዛል፤ የሕዝብ መጸዳጃ በር ላይ የተለጠፈችውን ሳንቲም ሳይቀር ያባዛል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ማባዣው ከብዶ፣ የሚወጣው ቁጥር እንኳን ሊከፍሉት ሊሰሙትም ያስደነግጣል። ጄኔቫ ላይ አምስት ፍራንክ የሚጠየቅባት ስኒ ውስጥ ያለው ቡና ምናልባት ከይርጋጨፌ የሄደ ሊሆን እንደሚችል ሲታሰብ ቁጭቱ ይብሳል።

የዚህ ማስታወሻ ተጓዥ መምህር ነው። ጉዞው የተሳካለት የደረሰው ዕቁብና ለንደን የምትኖር የአክስቱ ልጅ ደግነት ተደምረው ነው። ሲነሳ ሁለት ነገር አምኖ ነበር። አንደኛው፣ ውድ ከተማ ገንዘብ የሌለው ሰው በመስታወት አሻግሮ ብቻ የሚያየው ነው የሚል ነው። ሁለተኛውን በቃል ባይናገረውም ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ነው፤ ሰው ፊት ሳንቲም መቁጠር፣ ምግብ ቤት ገብቶ የቧንቧ ውሃ መጠየቅ፣ ከቦርሳ ዳቦ አውጥቶ አደባባይ ላይ መብላት ነውር ነው። ይሉኝታ ቪዛ አይጠየቅም፤ ድንበር አብሮ ይሻገራል።

ለንደን ውስጥ ኪስ የሚያራቁተው አልጋ ነው። ሐበሻ ለዚህ የቆየ መላ አለው፤ ዘመድ። ተጓዡ በስልክ "ቤትሽ ጠባብ ነው፣ ርካሽ ማደሪያ ልፈልግ" ብሎ ሲሞክር የአክስቱ ልጅ "እኔ እያለሁልህ? ሰው ምን ይለኛል!" ብላ ወሬውን ዘጋችው። ሶፋው ተዘረጋ። ያመጣላትን በርበሬ ከላስቲኩ ሳትፈታ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችና "የእማዬ ነው አይደል?" አለች። የእናቷ ነበር፤ ሦስት ኪሎ፣ በሦስት ላስቲክ ተደራርቦ የተቋጠረ።

ሶፋው ግን ዋጋ ነበረው። የአክስቱ ልጅ የምትሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው፤ ፈረቃዋ ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል። ዩኒፎርሟ ማታውኑ ተተኩሶ የወንበር መደገፊያ ላይ ያድራል። ሌሊት እንግዳዋን ላለመቀስቀስ መብራት ሳታበራ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በጣቷ እየረገጠች ትወጣለች። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መስሎ ያዳምጣታል፤ ነቅቶ ቢያያት የምታፍረው እሷ ናትና። ውጭ አገር ዘመድ ቤት ከርሞ የተመለሰ ሰው "ብዙም አላወጣሁ" ሲል ይሰማል። ማን እንዳወጣለት ሲናገር ግን እምብዛም አይሰማም።

ከተማውን ለመዞር የአስጎብኚ አውቶቡስ እንደማያስፈልግ የነገረችው እሷው ናት። 24 ቁጥር የከተማ አውቶቡስ ከሃምፕስቴድ ሂዝ ተነስቶ በካምደን በኩል ወደ ትራፋልጋር አደባባይ ይወርዳል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በተደረደሩበት በኋይትሆል አልፎ ፓርላማውን ይሳለምና ወደ ፒምሊኮ ይቀጥላል። ዋጋው ከ2 ፓውንድ በታች ነው፤ አንዴ የከፈለ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ቢቀይር አይጨምርም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የፊተኛው ወንበር የልጆች፣ የሽማግሌዎችና የእንግዶች ነው፤ ሹፌሩ ከበታች ስለሆነ መኪናውን የሚነዳው እዚያ የተቀመጠው ሰው ይመስላል። ጥሬ ገንዘብ ከ2014 ጀምሮ አይቀበሉም (እዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ "ዓ.ም." ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

ያለክፍያ የሚገባባቸው ቤቶች ብዛት ደግሞ እንግዳን ግራ ያጋባል። ብሪቲሽ ሙዚየም በ1753 በፓርላማ ሕግ ሲቋቋም መግቢያው ነጻ እንዲሆን ታስቦ ነው። መጀመሪያ ላይ ነጻነቱ ለጨዋ ልጅ ነበር፤ ለመግባት በጽሑፍ ማመልከትና ፈቃድ መጠበቅ ግድ ይል ነበር። ቆይቶ በሩ ለሁሉም ተከፈተ። የተፈጥሮ ታሪክና የሳይንስ ሙዚየሞች በ1980ዎቹ ማስከፈል ጀምረው ነበር፤ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምም ተከተላቸው፤ ከረጅም ክርክር በኋላ በ2001 መገባደጃ ክፍያው ተነሳ። ዛሬ ጫማው የተቀደደ ሰው ገብቶ የሮዜታን ድንጋይ፣ የአሦርን ክንፋም በሬዎች አይቶ ቢወጣ ማንም ኪሱን አይጠይቀውም። ግብር ከፋዩ ከፍሎለታል።

ለኢትዮጵያዊ ግን ጉዳዩ በግብር ከፋይ አያበቃም። በሚያዝያ 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ምሽጉን ዘረፈ። ዝርፊያው 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ። ከዘመቻው ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው፣ ሪቻርድ ሆልምስ፣ አብሮ ሄዶ ስለነበር ከሐራጁ ላይ ለሙዚየሙ ብዙ ገዛ። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም የሰጡት ነው የሚባለው የወርቅ ዘውድ ዛሬ የቪክቶሪያና አልበርት ነው። የብራና መጻሕፍቱ የብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው።

ብሪቲሽ ሙዚየም የያዛቸው አሥራ አንድ ታቦታት ደግሞ ለእይታ አይወጡም። የተቀመጡት በተዘጋ ክፍል ነው፤ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ካህናት በቀር ሊያያቸው የሚፈቀድለት የለም፤ የሙዚየሙ ባለአደራዎችና ሠራተኞችም ጭምር። ይህ ለታቦቱ ክብር ሲባል የተደረገ ነው፤ ደግም ነው። ታዲያ ማንም ላያየው፣ ማንም ላያጠናው፣ ማንም ላይሳለመው አንድ ሙዚየም ታቦት ለምን ያስቀምጣል? መልሱ ሕግ ነው፤ በ1963 የወጣው የሙዚየሙ ሕግ ከስብስቡ አውጥቶ መስጠትን አጥብቆ ይገድባል። ተጓዡ በዚያ ሰፊ የመስታወት ጣሪያ ስር፣ ምንም ሳይከፍል፣ ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር እየተጋፋ ሲመላለስ የአክስቱ ልጅ ሶፋ ትዝ አለው። እዚህም ሒሳቡን አስቀድሞ የከፈለ ሰው አለ።

ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ዌስትሚንስተር አቢ አለ። ቱሪስት ለመግባት 30 ፓውንድ ገደማ ይጠየቃል። ሊጸልይ የመጣ ሰው ግን አይከፍልም፤ ስለዚህ ለሠርክ ጸሎቱ በሰዓቱ የተሰለፈ ሁሉ ገብቶ ነገሥታት ዘውድ ከሚጭኑበት ስፍራ አጠገብ ተቀምጦ የመዘምራኑን ዜማ ይሰማል። ተጓዡ ተሰልፎ ገባ። ከዋናው መንበር በስተጀርባ ባለው የእመቤታችን ጸሎት ቤት፣ በመሠዊያው ውስጥ፣ ከመቅደላ የሄደ አንድ ታቦት ታሽጎ ይገኛል። የአቢው አስተዳደር ታቦቱን ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለመመለስ በመርህ ደረጃ የተስማማው በ2024 ነው። እንግሊዞቹ በእንግሊዝኛ ሲዘምሩ አንድ ሐበሻ በልቡ የሚያውቀውን ደገመ። ለዚህም አልተጠየቀም።

ስለ ለንደን አንድ ነገር ጨምሮ ማለፍ ይገባል፤ መቆም የሚችል እግር ያለው ሰው እዚህ ባለጸጋ ነው። በቴምዝ ዳር በ1997 እንደገና የተከፈተው የሼክስፒር ግሎብ ቴአትር ጣሪያ በሌለው ግቢው ቆሞ ለሚያይ ተመልካች ከ5 ፓውንድ ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል፤ ዝናብ ቢመጣም ጃንጥላ መዘርጋት አይፈቀድም። በ1895 የተጀመረው የፕሮምስ የሙዚቃ ድግስም በሮያል አልበርት አዳራሽ ለቆሞ አዳማጭ ከሌላው ትኬት እጅግ ያነሰ ዋጋ ይዞ ዛሬም አለ። ቅዳሴ ሙሉውን ቆሞ ያደገ ሰው ለዚህ የሚያህለው የለም።

ከለንደን ቀጥሎ ጄኔቫ ናት፤ ኢትዮጵያዊ የሚያውቃት በ1936 ነው። ሰኔ 30 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ፤ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ፤ እሳቸው በአማርኛ ተናገሩ። ማኅበሩ በዚያው ክረምት ጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሳ። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ በር ፊት ለፊት 12 ሜትር ቁመት ያለው የእንጨት ወንበር ቆሟል፤ አንድ እግሩ ተሰብሯል። በ1997 ያቆሙት በፈንጂ እግራቸውን ያጡ ሰዎች እንዲታሰቡ ነው። ግቢውን መጎብኘት ያስከፍላል፤ ከወንበሩ ስር መቀመጥ አያስከፍልም። ተጓዡ ሁለተኛውን መረጠ፤ ለሚያስበው ነገርም ይበቃው ነበር።

ያቺ አምስት ፍራንክ የምታወጣው ቡና የገጠመችው እዚህ ነው። አስተናጋጇ ስኒውን አስቀምጣ ሒሳቡን ስታመጣ ጉርሻ አልጠበቀችም፤ በስዊዘርላንድ የአገልግሎት ክፍያ ዋጋው ውስጥ ከገባ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የጄኔቫ ካንቶን ሕዝብ ደግሞ በ2020 ድምፅ ሰጥቶ የሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ 23 ፍራንክ እንዲሆን ወሰነ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ስኒው ውስጥ ያለው ቡና ትንሽ ነው፤ የቀረው የአስተናጋጇ የቤት ኪራይ፣ የጥርስ ሕክምናዋ፣ የልጇ መዋያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ማኪያቶ የሚረክሰው በተገላቢጦሽ ነው። ለግል ተቀጣሪ በሕግ የተደነገገ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር ዋጋውን የምታወርደው ከቡናው ዛፍ ይልቅ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውለው ልጅ ናት። ተጓዡ ይህን ካሰበ በኋላ ማባዣው ትንሽ አረፈለት። ቡናውን ግን አልደገመም።

ምሳ የበላው ሐይቁ ላይ ነው። ከዳርቻው ወደ ሐይቁ ተዘርግቶ በገባ ድልድይ ላይ፣ 140 ሜትር ወደ ሰማይ የሚወረወረው የጄኔቫ ፏፏቴ ፊት ለፊት፣ ባን ዴ ፓኪ የሚባል የሕዝብ መዋኛ አለ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ነጭ የኮንክሪት ቤት ነው። ከተማው በ1980ዎቹ ሊያፈርሰው ተነስቶ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ተሟገተ፤ በ1988 ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ መዋኛው ተረፈ። የዕለቱ ምግብ በከተማው ሚዛን ርካሽ ነው፤ ትሪ ይዞ ተሰልፎ ተቀብሎ፣ ረጅም አግዳሚ ላይ ከማያውቁት ሰው ጎን መቀመጥ ነው። ባለ ከረባቱ የባንክ ሠራተኛና ጸጉሯ ገና ከውሃው ያልደረቀ ተማሪ ትከሻ ለትከሻ ይበላሉ። ብርዱ ሲገባ ፎንዱ ይቀርባል፤ የቀለጠ አይብ በአንድ ድስት መሐል ላይ ይቀመጥና ሁሉም ዳቦውን በረጅም ሹካ እየጠቀሰ ያነሳል። በአንድ ገበታ ላደገ ሰው ይህ የማይገባ ነገር የለውም፤ ጉርሻ ብቻ ቀረ። ዳቦው ድስቱ ውስጥ የወደቀበት ሰው ለሌሎቹ መጠጥ ይጋብዛል የሚል ጨዋታ አላቸው። አቅም የሌለው ሰው ጥንቃቄውን ከዚህ ይማራል።

ከጄኔቫ ወደ ዙሪክ የሚሄደው ባቡር ተጓዡ ሲነሳ ካመነባቸው ነገሮች ሁለተኛውን የናደበት ቦታ ነው። ባቡሩ ከመንቀሳቀሱ ግራና ቀኝ የወረቀት ድምፅ ተሰማ። ሰዓቱ የአንድ መኪና ዋጋ የሚያወጣ ሰው ከቆዳ ቦርሳው በፎይል የተጠቀለለ ዳቦ አወጣ። ፊት ለፊቱ ያለችው ሴትዮ ፖም በቢላ እየቆረጠች ለባሏ ታቀብላለች። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ከመስኮቱ ውጭ የላቮ የወይን እርከኖች እስከ ሐይቁ ድረስ ተደርድረው ይወርዳሉ፤ የኮንሶን እርከን ያየ ሰው የድንጋዩን ካብ ብቻ አይቶ ምን ያህል ጀርባ እንደጎበጠበት ይገምታል። ተጓዡም ቦርሳውን ከፈተ።

ዙሪክ ላይ ብዙ አልቆየም፤ ብዙም የሚባል የለም። ከ1,200 በላይ የአደባባይ ፏፏቴዎቿ የሚጠጣ ውሃ ያፈሳሉ፤ ሰው ሁሉ ጠርሙሱን ደቅኖ ሞልቶ ይሄዳል፤ የታሸገ ውሃ የሚገዛው እንግዳ ነው። የሊማት ወንዝ ዳር ያሉት የሌተን መዋኛዎች አይከፈልባቸውም፤ ከቢሮ የወጣ ሰው ሱሪውን አጣጥፎ ጥሎ ይገባል። መቆየት ያለበት ግን ሚግሮ የተባለው መደብር በር ላይ ነው። ጎትሊብ ዱትቫይለር የሚባል ነጋዴ በ1925 አምስት የፎርድ የጭነት መኪኖች ገዝቶ፣ ቡና፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ የኮኮናት ቅባትና ሳሙና ብቻ ጭኖ በዙሪክ ጎዳናዎች እየዞረ ከሱቆቹ ባነሰ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ነጋዴው አደመበት፤ አምራቾች ዕቃ ከለከሉት፤ እሱም የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። በ1941 ድርጅቱን የኅብረት ሥራ ማኅበር አድርጎ ለደንበኞቹ አስረከበ። የሚግሮ መደብሮች የአልኮል መጠጥ አይሸጡም፤ በ2022 አባላቱ ይቀየር እንደሆነ ተጠይቀው በሁሉም አካባቢ "አይሆንም" አሉ።

የአዲስ አበባ ሰው በሸማቾች ማኅበር በር ለዘይትና ለስኳር ተሰልፎ ያውቃልና ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ እዚያ የሚሰለፈው ባለጸጋውም መሆኑ ነው። የዙሪክ ሰው ርካሹን ፓስታ የሚገዛው ስለተቸገረ አይደለም፤ ሳያስፈልግ ውድ መግዛት ስለሚያሳፍረው ነው።

ከአራቱ ከተሞች ተጓዡን አብዝታ ያሰናበተችው፣ ደግሞም አብዝታ የተቀበለችው ኦስሎ ናት። ምግብ ቤት በር ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር አንብቦ የማይመለስ መምህር የለም። ግን በሩን ጀርባ ሰጥቶ ለዞረ ሰው ከተማዋ እጇን አትሰበስብም። በ2008 የተከፈተው የኦፔራ ቤት ጣሪያ ከውሃው ጠርዝ ተነስቶ በነጭ እብነ በረድ ተዳፋት እየሆነ ይወጣል፤ ውስጥ ለሚታየው ትኬት ያልገዛም ጣሪያው ላይ ይሄዳል። ከጎኑ በ2020 የተከፈተው የዳይክማን ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጡ "ምን ልታዘዝ?" የሚል አይመጣም። አዲስ አበባ ቁጭ ለማለት ማኪያቶ ማዘዝ ግድ ለሆነበት ትውልድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በቅርብ ዓመታት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከተከፈተ ወዲህ አራት ኪሎ ላይ ተማሪው ወንበር ለመያዝ በጠዋት የሚሽቀዳደመው በከንቱ አይደለም።

የቪገላንድ መናፈሻ ሌላው ነው። ቀራጺው ጉስታቭ ቪገላንድ በ1921 ከከተማው ጋር ተዋዋለ፤ ከተማው የሥራ ቤት ሊሠራለት፣ እሱ ሥራዎቹን በሙሉ ለከተማው ሊሰጥ። ከ200 በላይ ሐውልቶቹ ዛሬ መግቢያ በማይከፈልበት መናፈሻ ቆመዋል። የመሐለኛው ዓምድ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ነው፤ 121 ሰዎች እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ ተረጋግጠው፣ ተቃቅፈው ወደ ላይ ይወጣሉ። ሌሊትም ይገባል፤ በረዶ ሲጥልም ይገባል። አዲስ አበባ ደግሞ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ካገኘቻቸው ውብ መናፈሻዎች ትልልቆቹ መግቢያ ያስከፍላሉ። ከአራት ልጅ ጋር ለሚወጣ አባወራ ያ በር ላይ የሚከፈለው ብር ሽርሽሩን ለበዓል ብቻ የሚተወው ነው።

በተራ የከተማ ባቡር ትኬት አንድ ቁጥር መስመር ከመሐል ከተማ ተነስቶ እስከ ፍሮግነርሴተረን ይወጣል። እዚያ ከተማው ያልቅና ጫካው ይጀምራል፤ ከታች ፊዮርዱ ከነደሴቶቹ ተዘርግቶ ይታያል። በ1891 የተሠራ የእንጨት ምግብ ቤት አለ፤ የፖም ኬኩ ስም አለው። ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ ግን ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት የራሳቸውን ፔርሙዝ አቁመው፣ ከብራና መሳይ ወረቀት ዳቦ እየገለጡ ይበላሉ። በእያንዳንዱ ቁራሽ መሐል ሌላ ስስ ወረቀት አለ፤ ቡናማው የፍየል አይብ እንዳይጣበቅ። ኖርዌይ ውስጥ ይህን የማይዝ የለም፤ የትምህርት ቤት ልጅም ይይዛል፣ አለቃም ይይዛል። በምሳ ሰዓት ምግብ ቤት የሚገባው ብዙውን ጊዜ እንግዳ ነው። እንግዲህ ተጓዡ ያፈረበት ነገር እዚህ የአገሩ ባህል ሆኖ ጠበቀው።

ከአግዳሚው ሌላ ጫፍ ተቀመጠ፤ እናቱ የቋጠሩለትን ዳቦ ቆሎ አወጣ። ነገር ግን ብቻውን መብላት አልሆነለትም። አጠገቡ ሰው ተቀምጦ "እንብላ" ሳይሉ መጉረስ ሌላ ነውር ነው፤ ይህኛውን ለመተው የሚያስችል አገር ገና አላገኘም። ላስቲኩን ዘረጋላቸው። ባልና ሚስቱ ተያዩ፤ በእነሱ ዘንድ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይመጣል፣ የራሱን በልቶ ይሄዳል፤ ምግብ የሚዘረጋ የማይታወቅ ሰው አልለመዱም። ሴትዮዋ ሦስት ፍሬ ብቻ አነሱና አንዷን ነከሱ። ጠንካራ ነበረች፤ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ሰደው እፍኝ ሙሉ ዘገኑ። በፔርሙዙ ክዳን ቡና ቀድተው ሲሰጡት ስኳር የለውም ብለው ይቅርታ ጠየቁት። አልተባዛም።

ስለ ማደሪያ ያወሩትም እዚያው ነው። ኖርዌይ በ1957 ያወጣችው ሕግ ማንኛውም ሰው ባልታረሰና ባልታጠረ መሬት ላይ እንዲንቀሳቀስ፣ ድንኳን ተክሎ እስከ ሁለት ሌሊት ያለፈቃድ እንዲያድር መብት ይሰጣል፤ ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ይራቅ እንጂ። መብቱ ለእንግዳም ነው። የኢትዮጵያ ገጠር ለዚሁ ጥያቄ ሌላ መልስ ነበረው፤ አሁንም በብዙ ቦታ አለው። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ "ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ" ይላል፤ የእግዜር እንግዳ ነውና ይገባል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ከተገኘው ይበላል፤ ማን እንደሆነ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። አንዱ አገር እንግዳውን ከቤቱ 150 ሜትር አርቆ ጫካውን ሁሉ ይሰጠዋል። ሌላው ከጫካው አውጥቶ ከምድጃው አጠገብ ያስጠጋዋል። የኖርዌዩ መብት ማንንም አያስለቅስም፤ ማንም በጣቱ እየረገጠ አይወጣም። የኢትዮጵያው ሞቅ ያለ ነው፤ ግን የቤቱ እመቤት የነገውን ሊጥ ዛሬ ትጋግርበታለች። ተጓዡ ከሁለቱ የቱን እንደሚመርጥ ሴትዮዋ ጠይቀውት ነበር። ለመንገደኛው የኢትዮጵያው፣ ለቤቱ እመቤት የኖርዌዩ ይሻላል አለ። ባልየው መልሱን ወደዱት፤ ሴትዮዋ ግን "በዝናብ ድንኳኑን የሞከረ ይናገር" በሚል ዓይን ሰማዩን አዩ።

ወደነዚህ ከተሞች ለሚነሳ አንባቢ የሚተርፈው ምክር አጭር ነው። ሊያወጡት የሚገባ ገንዘብ ካለ ለአልጋ ያውጡት፤ ዘመድ ቤት የሚያርፉ ከሆነም የዘመድዎን ፈረቃ አስቀድመው ይጠይቁና ቢያንስ አንድ ቀን ራት አብስለው ይጠብቁ። ንጥር ቅቤውን፣ አይቡንና ቋንጣውን ቤት ይተዉት፤ ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝም፣ ወደ ስዊዘርላንድም፣ ወደ ኖርዌይም ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ላይ ወስደው ይጥሉታል። በርበሬው፣ በሶውና ዳቦ ቆሎው ግን ያልፋሉ፤ ዳቦ ቆሎውን ከሚያስፈልግዎ እጥፍ አድርገው ይያዙ።